አቤቱታ የቀረበለት ጉባኤ ምን ይጠበቅበታል?

 

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ እኅቶች ሲያጫውቱኝ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ። «አባቴ፣ ስድቡስ ይሁን፤ በመልኬ ሲንቁኝ ለምጄዋለሁ። አንጀቴን የሚቆርጠው ስናገር የሚሰማኝ ማጣቴ ነው» ይሉኛል። ይህ እሮሮ ከወጥ ቤት ብቻ የሚወጣ አይምሰልሽ። ነገሥታትና ሚኒስትሮች በተቀመጡባቸው ታላላቅ ጉባኤዎችም በዘሩ የተናቀ ሰው «አቤት» ብሎ ያውቃል። ዛሬ የማጫውትሽ እነዚያ ጉባኤዎች አቤቱታውን እንዴት እንዳስተናገዱት ነው። ከስሕተታቸውም ከበጎ ሥራቸውም የምንማረው አለና። ዘመኑን የምጽፍልሽ በእኛው አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው የራሳችን ታሪክ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በፋሺስት ኢጣልያ ተወርራ ሳለች ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ገና ንግግራቸውን ሳይጀምሩ ኢጣልያውያን ጋዜጠኞች ከተቀመጡበት ሰገነት ላይ ሆነው በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አወኩት። የሩማንያው ተወካይ ቲቱሌስኩ ተቆጥተው ረባሾቹ እንዲወጡ ጮኹ፤ እነርሱም ተይዘው ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጸጥታው እስኪመለስ በትዕግሥት ቆመው ከጠበቁ በኋላ በአማርኛ ተናገሩ፤ በሕዝባቸው ላይ ስለ ወረደው የመርዝ ጋዝና ስለ ፈረሰው ቃል ኪዳን ዘረዘሩ።

ከዚያስ? ሐምሌ ሲገባ በኢጣልያ ላይ ተጥሎ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ። አየሽ፣ ጉባኤው ረባሹን ለማስወጣት ጥቂት ደቂቃ በቅቶት ነበር፤ ለተበደለው ግን ሳይፈርድለት ቀረ። ጸጥታ ማስከበር አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ መስጠት ሌላ ነው። «በቃ፣ አትጨቃጨቁ» ያለ ሁሉ ዳኛ አይደለም።

ሁለተኛው ከዚህ 17 ዓመት ይቀድማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ ላይ የዚያው ማኅበር ደንብ ሲረቀቅ፣ የጃፓኑ መልእክተኛ ባሮን ማኪኖ ሰው በዘሩ ልዩነት እንዳይደረግበት የሚል ቃል እንዲገባ ጠየቁ። ተቃውሞ ሲበዛባቸው ቃሉን አለዝበው እንደገና አቀረቡት። ሚያዝያ 3 ቀን 1911 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ ከ17ቱ 11ዱ ደገፉ። ሰብሳቢው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ግን ብርቱ ተቃውሞ ስላለበት ሁሉም ካልተስማማ አይጸድቅም ብለው ጣሉት። ማኪኖ በሩን ወርውረው አልወጡም፤ የድምፁ ቁጥር በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ ጠየቁ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም፣ የሰው መብት ያለ ዘር፣ ያለ ጾታ፣ ያለ ቋንቋና ያለ ሃይማኖት ልዩነት እንዲከበር በአንቀጽ 1 ተጻፈ። ከፈራሚዎቹም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እንግዲህ አቤቱታን በቅን የሚያስተናግድ ጉባኤ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ፣ የተበደለው ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ያስታውቃል። ሁለተኛ፣ አቤቱታውን ሰምቶ ይጽፋል። ሦስተኛ፣ የተከሰሰውንም ወገን ይጠይቃል። በመጨረሻም ለከሳሹ መልስ ይሰጣል። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለሚያዘጋጃቸው ስብሰባዎች እንዲህ ያለ የሥነ ምግባር ደንብ አለው። በዘሩ ምክንያት የተዋከበ ተሰብሳቢ ለአዘጋጆቹ ማመልከት ይችላል፤ አዋካቢውም እንዲያቆም ይነገረዋል፣ ከስብሰባው ሊወጣ ወይም ለቀጣሪው ሊነገርበት ይችላል።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሥርዓት ከጥንት ታውቀዋለች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ ማዕድ ቸል ተባሉ ተብሎ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት አጉረምራሚውን አልገሠጹም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሾሙ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቸል ከተባለው ወገን የሚያውቅ ሰው ሳይኖርበት የሚሰጥ ፍርድ እንደሚያነክስ ተረድተው ነበርና።

ነገር ግን ልጄ፣ ከመክሰስሽ በፊት አለማወቅንና ንቀትን ለይ። በጾም ቀን ሥጋ ያቀረበልሽ ሰው ረቡዕንና ዓርብን ላያውቅ ይችላል፤ ሲነገረው የሚታረም ከሆነ አለማወቅ ነው። ጾምሽን አውቆ የሚሳለቅ፣ ወይም የጠጣሽበትን ብርጭቆ እንደ ርኩስ የሚያይ ግን ንቀት ነው። የመጀመሪያውን አስረጂው፤ የሁለተኛውን መዝግቢው።

እንዴት ብትዪ፣ የራስሽን ቃለ ጉባኤ ያዢ። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በተባለበት ቋንቋ፣ በቦታው የነበረውንም ሰው በትንሽ ደብተር ጻፊ፤ ማንም በማያገኘው ስፍራም አኑሪው። «ሁልጊዜ ይሰድቡኛል» ያለች በቶሎ ትረሳለች፤ «በዚህ ቀን፣ እገሌ ባለበት፣ እንዲህ ተባልሁ» ያለች ግን በኤምባሲም ሆነ በሥራ ጉዳይ ቢሮ ፊት የሚታይ ነገር ይዛለች። ለሕይወትሽ የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ግን ደብተሩን ተዪው፤ አስቀድመሽ ነፍስሽን አድኚ።

ይህን የምልሽ የቤት ሠራተኞች ድምፅም ጉባኤ ገብቶ ፍሬ ስላፈራ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 100ኛ ጉባኤ ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣው ስምምነት ቁጥር 189 በ396 ድጋፍ፣ በ16 ተቃውሞና በ63 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። የቤት ሠራተኞች ራሳቸው በስፍራው ተገኝተው ነበር። አንቀጽ 9 ፓስፖርትሽ በእጅሽ እንዲሆን፣ አንቀጽ 17 ደግሞ አገሮች ለቤት ሠራተኛ የሚሠራና የማያስቸግር የአቤቱታ መንገድ እንዲያዘጋጁ ያዛል። እውነቱን አልደብቅሽም፤ ስምምነት የሚያስረው ያጸደቀውን አገር ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አንዱም በወጣ በአሥር ዓመቱ አላጸደቀውም ነበር። ሆኖም ተጽፏል። የተጻፈ ነገር ደግሞ ቀን ሲደርስለት ይነሣል፤ የፓሪሱ እንደ ተነሣ።

አሁን አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። ጃፓን ፓሪስ ላይ እኩልነት ስትጠይቅ በዚያው ዓመት ኮርያን በግድ ትገዛ ነበር። እኛስ? በዓርቡ ማኅበራችን፣ ቡናው ሲፈላ፣ በአንዷ እኅት ብሔር ወይም በአነጋገሯ ተቀልዶ ታውቂያለሽ? የኬንያዋን ወይም የስሪላንካዋን ጎረቤትሽን በመልኳ ጠርተን አልሳቅንም? ያችም እኅት «ይህ ነገር አመመኝ» ስትል «ለጨዋታ ነው፣ ምን ያስከፋሻል» ብለን ከመለስናት እኛም እንደ ጄኔቩ ጉባኤ ጸጥታ አስከበርን እንጂ አልፈረድንም።

በአገራችን መንገደኛው ሁሉ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ይቆም ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ አንዲት እኅት አቤት ብትል ቡናውን አቁሙላት። አንዷ ትስማት፣ አንዷ ትጻፍላት፤ ሳትበተኑም መልስ ስጧት። በሰው ቤት ያጣሽውን ሰሚ፣ በራስሽ ማኅበር ለሌላዋ ሁኚላት።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ በሰላም ለአገርሽ መሬት ያብቃሽ።