የልብ ቀኝ ወገንና የሳንባ ደም ቅዳ

በዋግ ኽምራ ዝቋላ ስንል የሸዋውን ባለገዳም ተራራ ማለታችን አይደለም፤ ወደ ተከዜ የሚወርደውን ቆላማ ወረዳ ማለታችን ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ፣ ከዚያም ወደ ላስታ የሚወጣ መንገደኛ ትንፋሹ እያጠረ እንደሚኼድ ማንም አይነግረውም፤ ራሱ ያውቀዋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የአየሩ መሳሳት ይበልጥ የሚከብደው ለየትኛው የልብ ወገን ነው ቢባል፣ ብዙዎቻችን ግራውን እንጠራለን፤ መልሱ ግን ቀኙ ነው።

የልብ ግራ ታችኛው ክፍል ደምን ለመላው አካል ይረጫል፤ የቀኙ ለሳንባ ብቻ። ኾኖም ሁለቱም በደቂቃ የሚረጩት ደም እኩል ነው፤ ዐርፎ በተቀመጠ ሰው 5 ሊትር ያህል። ልዩነቱ በግፊቱ ላይ ነው። ግራው እስከ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲገፋ፣ ቀኙ ከ20 እስከ 25 ይበቃዋል፤ የሳንባ ደም ሥሮች ሰፊና ልል ናቸውና። ስለዚህም የቀኙ ግድግዳ ስስ ነው፤ ውፍረቱ ከ5 ሚሊሜትር አይበልጥም። ብዙ ደም ቢመጣበት ይችላል፤ የሚያሸንፈው ግፊት ነው።

ሐኪሞች የሁለቱን ስምምነት የሚለኩት የልቡን የመኰማተር ኃይል ከደም ቅዳው እንቢታ ጋር በማነጻጸር ነው። በጤነኛ ሰው ኃይሉ ከእንቢታው አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይኾናል። ደም ቅዳው ቀስ በቀስ ሲጠብ የቀኙ ክፍል ግድግዳውን አወፍሮ ይቋቋማል፤ ይህም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ዐቅሙ ሲያልቅ ግን ይለጠጣል፤ ሁለቱን የሚለየውን ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋና የባልንጀራውን ቦታ ያጠብበታል። ደሙም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የአንገት ደም መልስ ይነፋል፣ ጉበት ያብጣል፣ እግር ሲጫኑት ይሰረጉዳል።

ወደ ተራራው እንመለስ። ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ሊቃውንት በ1946 እ.ኤ.አ. በድመቶች ላይ እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይኰማተራሉ። ከሳንባ አንዱ ጥግ ቢታመም ይህ ጥበብ ነው፤ ደሙ ወደ ጤነኛው ጥግ ይዞራል። በተራራ ላይ ግን ሳንባው በሞላ ስለሚኰማተር ሸክሙ በቀኙ ልብ ላይ ይወድቃል። (በኮሎራዶ ተራሮች ከብቶች ደረታቸው አብጦ የሚሞቱት በዚሁ ነው።)

የእኛ ደገኞችስ? በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ3,700 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን በ1,200 ሜትር ከሚኖሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የደገኞቹ የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት በአማካይ 28፣ የቆለኞቹ 22 ያህል ኾኖ ተገኘ። ነገር ግን የደም ሥሮቹ እንቢታ አልጨመረም፤ ግፊቱ የጨመረው በሳንባቸው የሚያልፈው ደም ስለሚበዛ ነው። ይህም ቀኙ ልብ የሚችለው ዐይነት ሸክም መኾኑን ከላይ አይተናል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ታናሽ እኅታችን በአጭር ዳገት ብታለከልክና እግሯ ቢያብጥ፣ «ደጋው ነው» ብለን ማለፍ አይገባንም። በሀገራችን ቀኝ ልብን ከሚያደክሙት ዋነኛው ከጉሮሮ የሚነሣ ነው። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ቊስለት የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱም በግራ ልብ ያለውን ሚትራል የሚባለውን ቫልቭ ያጠበዋል። የማያልፈው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ የሳንባው ደም ቅዳ ግፊት ይወጣል፤ ጥፋቱ የግራው ኾኖ ሳለ ዕዳውን የሚከፍለው ቀኙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የተወው ጠባሳም ይህንኑ ሸክም ሊያመጣ ይችላል።

የጉሮሮውን ሕመም ፔኒሲሊን ያድነዋል። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ የያዘውም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት ሲወስድ ቫልቩ ከተደጋጋሚ ጉዳት ይጠበቃል። የጠበበው ቫልቭ በፊኛ ወይም በቀዶ ሕክምና በጊዜው ሲከፈት የደም ቅዳው ግፊት ይወርዳል፣ ቀኙም ልብ ያገግማል፤ ብዙ ከዘገየ ግን የሳንባው ደም ሥሮች ግድግዳ ይወፍርና፣ ቫልቩ ቢከፈትም ግፊቱ በሙሉ አይወርድም።