ዓሣው ወደ ዳር ሲመጣ



የበልግ ዝናብ መጣል ሲጀምር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርቻ ሁሉ ነገር ይነቃቃል። ቄጠማው ይለመልማል፣ ወንዞች ደፍርሰው ይገባሉ፣ ዓሣውም ወደ ዳር ይጠጋል። ልጆች ከቄጠማው ሥር ሲርመሰመስ ያዩታል፤ ወጣቱ መንጠቆውን፣ አጥማጁ መረቡን ያዘጋጃል። ወቅቱ ከክርስቲያን ወገኖቻችን የሑዳዴ ጾም ጋር ስለሚገጣጠምም የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በአጭሩ በበልግ ዓሣ በቀላሉ ይገኛል፣ በጥሩ ዋጋም ይሸጣል።

ታዲያ ዓሣው ወደ ዳር የመጣው ለምንድን ነው? አብዛኛው ሊራባ ነው። ጥያቄያችንም ከዚህ ይነሳል። አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቁን እጃችን ሥር ሲያቀርብልን እንዴት እንውሰደው?

የቅዳሜዋ ከተማ ሰዎች

በሱረቱል አዕራፍ ከአንቀጽ 163 ጀምሮ በባሕር ዳር ትኖር ስለነበረች አንዲት ከተማ ተነግሮናል። ነዋሪዎቿ በቅዳሜ ቀን ከማጥመድ ተከልክለው ነበር። ዓሣው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በገሃድ እየተንሳፈፈ ይመጣላቸዋል፤ በሌላው ቀን ግን አይመጣም። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያብራሩት ከፊሎቹ ዓርብ ወጥመድ ዘርግተው እሑድ መሰብሰብ ጀመሩ። «ቅዳሜ እጃችንን አልዘረጋንም» በሚል ብልሃት የገዛ ራሳቸውን አታለሉ።

እኛ ቅዳሜ ከማጥመድ አልተከለከልንም። ከታሪኩ የምንማረው ግን አለ። የነገሩ መቅለል ብቻውን የፈቃድ ምልክት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ፈተናው ራሱ መቅለሉ ነው። ይህንን በልባችን ይዘን ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንውረድ።

ሐይቁና ዓሣዎቹ

ሐረ ደንበል ተብሎም የሚጠራው ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መቂና ቀታር የተባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ይወጣበታል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ይሞቃል፣ በጎርፍም ቶሎ ይደፈርሳል። ዓሣዎቹ ለዚህ ለውጥ የሚሰጡት መልስ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የየዓይነቱን ጠባይ ማወቅ አለበት።

ቆሮሶ፦ ከሁሉ የሚታወቀውና በገበያ የሚወደደው እርሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ቢችልም ሙቀትና ዝናብ ሲገናኙ ይበረታል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለል ላይ እንደ ሳህን የጎደጎደ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። ከዚያም እንቁላሉን፣ ኋላም የተፈለፈሉትን ጫጩቶች፣ ሁለት ሳምንት ለሚያህል ጊዜ በአፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። በእነዚያ ቀናት ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ሱብሓነላህ! ለልጆቿ ስትል አፏን ከምግብ የዘጋች እናት!

ስለዚህ በበልግ ቆሮሶን በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ከጎጆዎቹ ራቅ ብሎ፣ ከቄጠማው ወሰን ወደ ውጭ፣ ጠለቅ ባለው ውኃ ላይ ቢጥል መልካም ነው። ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ከላይ የቡሽ ተንሳፋፊ፣ ጫፉ ላይ የሊጥ ቁራጭ ወይም የመሬት ትል ይበቃዋል። ጥላው በውኃው ላይ እንዳያርፍና ኮቴው እንዳይሰማ ይጠንቀቅ፤ ቆሮሶ ደንጋጣ ነው። መንጠቆ አንድ አንድ እያለ ይይዛል፤ የማትፈልገውንም ወዲያው ለመመለስ ያስችልሃል። በቄጠማው ዳር የሚጎተት ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ግን ጎጆውን ያፈርሳል፣ እናቲቱንም ከነጫጩቶቿ ይጠርጋል። በአፏ እንቁላል ወይም ጫጩት የያዘች ዓሣ ከወጣች እጅህን በውኃ አርሰህ ቀስ ብለህ መልሳት።

አምባዛ፦ ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ እንደ ጺም የረዘሙ መዳሰሻዎች አሉት። በእነርሱ እየዳሰሰ በደፈረሰ ውኃና በጨለማ ምግቡን ያገኛል። ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል ሌላው ዓሣ በማይኖርበት ጭቃማ ውኃ ይኖራል። ጎርፍ ሲገባ በወንዞቹ አፍ አካባቢ ይሰባሰባል። ጠንከር ያለ ክር፣ ትልቅ መንጠቆና ወለል ድረስ የሚያወርድ እርሳስ ያስፈልገዋል። ጥሩ ማጥመጃው ሽታ ያለው ነገር፣ ለምሳሌ የታረደ ዶሮ አንጀት ነው። ከጎኑ ክንፍ ጋር ያለው እሾህ እጅ ስለሚወጋ ሲያዝ ጥንቃቄ ይሻል።

ብርቱ ዝናብ በጣለበት ሌሊት አምባዛ ውኃ ወደ ተኛበት ሣር ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። ያን ጊዜ ውኃው ከጉልበት በታች ስለሆነ በዱላም በጦርም መግደል ይቻላል። በአንድ ሌሊት ብዙ ይገኛል፤ ግን ከእያንዳንዷ ሴት ጋር በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጠፋል።

ካርፕ፦ ወደ ሐይቁ ከውጭ የገባ ዓሣ ነው። ወለሉን እየማሰ ይመገባል። ውኃው ሲሞቅና ሲሞላ አረም ባለበት ዳርቻ ይራባል። የተቀቀለ በቆሎ ወይም ጠንካራ ሊጥ ወለሉ ላይ አስቀምጦ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ማጥመጃውን ቀስ ብሎ ስለሚጠባ ክሩ ገና ሲነቃነቅ አይጎተትም፤ ጥርት ብሎ ሲወጠር ይሳባል።

ቢልጫ፦ በወራጅ ውኃ ውስጥ፣ በጠጠር ላይ የሚራባ ዓሣ ነው። ወንዙ ሲሞላ በአፉ ላይ ተሰብስቦ ወደ ላይ ይወጣል። በትል፣ ሞገሱ ጠንከር ባለበት ቦታ ዳር ይጠመዳል። የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት ግን የሚመጡትን ዓመታት ምርት በአንድ ጊዜ መውሰድ ነው። በጣና የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። በጣና በሞተር ጀልባና በመረብ የሚካሄደው ማጥመድ በ1986 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ ለመራባት ወደ ወንዞች የሚሄደው የዚሁ ወገን ዓሣ በመንገዱ ላይ እየተጠበቀ ተያዘ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ውስጥ ብቻ መጠኑ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

ስለ ሐላልነቱ

«አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ይበላልን?» የሚል ጥያቄ በወጣቶች ዘንድ ይነሳል። በአራቱም የሱንና መዝሀቦች ቅርፊት መኖሩ መስፈርት አይደለም፤ አምባዛ ሐላል ነው። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 96 የውኃ አደን ተፈቅዶልናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ባሕር ሲጠየቁ ውኃው ንጹሕ፣ በውስጡ የሞተውም የተፈቀደ መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ ዓሣ ማረድ አያስፈልገውም፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ያጠመደውም ይበላል። በራሱ ሞቶ የተንሳፈፈውን ግን የሐነፊ ሊቃውንት አይወዱትም፤ ሻፊዒዮችና ሌሎቹ ይፈቅዱታል። ተበላሽቶ ጤና የሚጎዳ ከሆነ ግን መተው እንዳለበት ያስማማል። እናቶች በገበያ ሲገዙ ዓይኑ ያልደበዘዘ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት መልሶ የሚነሳውን ይምረጡ።

የአጥማጅ አደብ

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሁሉም ነገር፣ በማረድ ጊዜም ጭምር፣ መልካም አሠራር እንደታዘዘ ነግረውናል። ስለዚህ የያዝከውን ዓሣ በመሬት ላይ እየተንፈራገጠ ከመተው ጭንቅላቱን መትተህ ፈጥነህ አሳርፈው። ሕያው እንስሳ በመንጠቆ ሰክቶ ማሠቃየትን ሊቃውንት ጠልተውታል፤ የሞተ ትል ወይም ሊጥ ይበቃል። ለጨዋታ ብቻ አጥምዶ መጣልም ብክነት ነው።

ዓሣ በደንብ የሚይዘው በማለዳና ወደ ማታ ነው። ሁለቱም የሶላት ሰዓት ናቸውና ሱብሒን ሰግደህ ውጣ፤ መግሪብም በመንጠቆ ምክንያት አይለፍህ። በስምጥ ሸለቆ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ እንደ ዝዋይ ያለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅም ፈጥኖ ይናወጣል፤ ስለዚህ በታንኳ የሚወጣ ሰው ቀደም ብሎ ይመለስ። ጉማሬ ባለበት ቄጠማ ውስጥ ማምሸት አደገኛ ነው። በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለ ልጆች ባዶ እግራቸውን ዳር ላይ ውኃ ውስጥ ገብተው እንዳይቆሙ ወላጆች ይከልክሉ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ማጥመጃህን ይዘህ ከመሄድህ በፊት የትኛው ቦታና ወቅት እንደተከለከለ፣ የመረቡም ዓይን ምን ያህል መሆን እንዳለበት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። በሸሪዓችን በራስም ሆነ በሌላ ላይ ጉዳት ማድረስ የተከለከለ ነው። የነገውን ዓሣ ዛሬ መጨረስ ደግሞ በጎረቤትና በልጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው።

ከየትኛው ወገን ነን?

ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። በዚያች ከተማ ሰዎች ሦስት ወገን ሆነው ነበር፤ የሚያጠምዱት፣ የሚመክሩትና ዝም ያሉት። ዝም ያሉት መካሪዎቹን «ምን ያደክማችኋል?» ይሏቸው ነበር። መካሪዎቹ ግን በጌታቸው ፊት ምክንያት እንዲኖራቸው፣ ሰዎቹም ምናልባት እንዲፈሩ ብለው መምከራቸውን ቀጠሉ። ቁርኣን መዳናቸውን በግልጽ የነገረን የእነዚህን የመካሪዎቹን ነው።

በሐይቅ ዳር የምትኖሩ ወጣት ወንድሞቻችን! የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጋው ሰው ጓደኛችሁ ወይም አጎታችሁ ሊሆን ይችላል። የሚያሳድጋቸው ልጆችም ይኖሩታል፤ ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን በለዘበ ቃል አስረዱት። የሚሰማ ከተገኘ አልሐምዱሊላህ፤ ባይሰማም ዝም ካሉት ወገን አልሆናችሁም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ በእጃችን የቀረበውንም በአማና የምንይዝ ያድርገን። አሚን።