ከምድር ጥልቅ የሚነሳው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ መንገዱና ማደሪያው

ከምድር ውስጥ የሚመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋና መነሻው ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትል ነው። አለቱ ሲቀልጥ ካርቦኑ ወደ ማግማው ይገባል፤ ግፊቱ ከፍተኛ እስከሆነ ድረስም በውስጡ ሟሙቶ ይቆያል። ማግማው ወደ ላይ ሲወጣ ግን ከውሃ ተን ቀድሞ አረፋ ሆኖ ይለያል። ለዚህም ነው እሳተ ገሞራ ሳይፈነዳ ለዘመናት ጋዝ የሚተነፍሱ ቦታዎች ያሉት። በሙቀት የሚፈርስ የኖራ ድንጋይም ሌላ ምንጭ ነው፤ ተመራማሪዎች ሁለቱን ለመለየት የካርቦኑን አይሶቶፖችና አብሮ የሚወጣውን ሂሊየም 3 ይመረምራሉ።

ጋዙ ጠጣር አለትን በቀላሉ ሰንጥቆ አያልፍም፤ የተሰበረ ቦታ ይፈልጋል። እንደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ያሉ አካባቢዎች በጋዝ የበለጸጉት ጥልቅ ስንጥቆች ስላሏቸው ነው። በመንገዱ የከርሰ ምድር ውሃ ካገኘ ሟሙቶ ደካማ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም አለቱን እየበላ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናትን ወደ ውሃው ያስገባል። የአምቦ ምንጮች ጣዕም ከዚህ የመጣ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቆርኪ ሲነሳ የሚገነፍለው አረፋም፣ ግፊት የለቀቀው ጋዝ ምን እንደሚያደርግ በእጅ ላይ ያሳያል።

ሁሉም ጋዝ ግን ወደ ላይ አይደርስም። ቀዳዳ የበዛበት አለት ከሥር፣ የማያስተላልፍ ክዳን ከላይ ካለ እዚያው ይታቆራል። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ማክኤልሞ ዶም በተባለው ቦታ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተከማቸውን ጋዝ ወፍራም የጨው ንጣፍ ከድኖታል። እዚያ ጥልቀት ላይ ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱም ከከባቢ አየሩ 73 እጥፍ በላይ ስለሆነ ጋዙ እንደ ፈሳሽ ታምቆ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ከፋብሪካ የሚወጣ ካርቦንን መሬት ውስጥ መቅበር ይቻላል የሚሉ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን የተፈጥሮ ጎተራዎች በማስረጃነት መጥቀሳቸው ተገቢ ነው።

ከሁሉም አስፈሪው ማደሪያ ሐይቅ ነው። በካሜሩን የኒዮስ ሐይቅ ጥልቀት 200 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከታች የሚገባው ጋዝ በከባዱ የሥረኛው ውሃ ውስጥ ታምቆ ሲጠራቀም ኖሯል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986 ምሽት ውሃው ተገለበጠ። ጋዙ ከአየር በአንድ እጥፍ ተኩል ስለሚከብድ ወደ ሰማይ አልተበተነም፤ በሸለቆዎቹ ቁልቁል ፈስሶ ከ1,700 በላይ ሰዎችንና በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችን አፍኖ ገደለ። ከሁለት ዓመት በፊትም በዚያው አገር የሞኑን ሐይቅ 37 ሰዎችን ፈጅቶ ነበር።

አደጋው እንዳይደገም እ.ኤ.አ. በ2001 ኒዮስ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ቱቦ ወደ ሥር ተሰደደ። ፓምፕ የሚያስፈልገው ለማስጀመር ብቻ ነው፤ ውሃው በቱቦው ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የሚለቀቀው አረፋም ተከታዩን ውሃ ይስባል። ውሃው እንደ ፏፏቴ ከሐይቁ ገጽ ወደ ላይ እየተወረወረ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ ወደ አየር ይለቃል።