አድራሻችሁ ለሁሉም፣ መግቢያ ስማችሁ ለራሳችሁ

ለመድረሳ ምዝገባ በለጠፍነው ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ኢሜይል ብዙ ጊዜ አካውንቱ የሚከፈትበት መግቢያ ስምም ነው። ሰርጎ ለመግባት ለሚፈልግ ሰው የሚቀረው የይለፍ ቃሉን ማግኘት ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የልጆች ስምና የወላጆች ስልክ አለ። የሌሎች አካውንቶች የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክም የሚላከው እዚያው ነው።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። አውትሉክ ይህን ይፈቅዳል። በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ለማንም የማትሰጡት አዲስ አድራሻ ጨምሩና ዋና አድርጉት። ከዚያም የመግቢያ ምርጫዎች በሚለው ስር ከአሮጌው አድራሻ ላይ ምልክቱን አንሱ። አሮጌውን ግን አትሰርዙት፤ መልእክት ይቀበላል፣ በእሱ መግባት ግን አይቻልም። መልስ ስትልኩም የላኪውን አድራሻ አስተውሉ፤ በአዲሱ ከላካችሁ ምስጢሩ ወጣ።

ጂሜይል ላይ በስሙ መጨረሻ የመደመር ምልክትና ቃል መጨመር ምንም አይደብቅም፤ ከምልክቱ በፊት ያለው ያው መግቢያ ስም ነው። ስለዚህ ለማስታወቂያ ሌላ አካውንት ክፈቱ፤ ባንክና ፌስቡክን በማይታወቀው ያዙ።

ይህ ሁሉ ጠንካራ የይለፍ ቃልንና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አይተካም። ቤቱ ባይታወቅም በሩ መቆለፍ አለበት።