ዘማቹ ሲሄድ እርፉን ማን ያዘ?

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ የሚወርደውን ሰፊ ጎዳና የማያውቅ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በአዲስ አበባ አይገኝም። ነገር ግን አውሮፕላን የሚንደረደርበት ሜዳ፣ ገርጂ፣ ቡልቡላ፣ ለሚና አራብሳ ጤፍ፣ ስንዴና ሽንብራ የሚበቅልባቸው የእርሻ ቦታዎች እንደ ነበሩ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። በዚያ መረሬ ላይ ያርስ የነበረው ገበሬም አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም። ጢሰኛ ነበር፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስገባ ነበር። ስለ ጦርነት የሚጻፈው ታሪክ መኳንንቱንና የጦር አለቆቹን እንጂ ይህን ሰው ብዙ ስለማያወሳ፣ ዛሬ ስለ እርሱና ስለ ቤተ ሰቡ ጥቂት ለማለት ወደድን።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ በገባበት ዕለት በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነጋሪት ተጐሰመ፤ ክተትም ታወጀ። ወሩን ልብ እንበል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚታጨደውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እርጥበት ባልለቀቀው መረሬ ላይም ሽንብራ የሚዘራበት ጊዜ ነው። ጢሰኛው ዘሩን ከአቁማዳ ሳያወጣ ወይም ግማሹን ዘርቶ ግማሹን ትቶ ተነሣ ማለት ነው።

የክቡር ዘበኛ ወታደር ደመወዝ ነበረው፤ ከቤልጅግ በመጡ መኰንኖችም ሠልጥኗል። ከገጠር የተጠራው ግን ስንቁን ከገዛ ጎተራው (ጎተራ ካለው) ይዞ የሚወጣ ነው። በሶውን ያሰናዳችው፣ ቆሎውን የቆላችው፣ ጭኮውን ያሸችው ሚስቱ ናት። ጠመንጃ ያልነበረውም ቢሆን ጭነት እየነዳ ጌታውን ተከተለ። ብዙ ሴቶችም ከባሎቻቸው ጋር ዘምተው በየሰፈሩ ውሃ ቀድተዋል፣ እንጨት ለቅመዋል፣ ጋግረዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም በእግር።

ቤት የቀረችውስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ባገራችን ደጋ ልማድ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህል ታጓጉዛለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። (ምክንያቱን ብንጠይቅ «ከጥንት የመጣ ነው» ከማለት በቀር የረባ መልስ የሰጠን የለም።) ስለዚህ ባሏ የዘመተባት ሴት ሁለት በሬ ቢኖራት እንኳ አራሽ መለመን አለባት፤ ወንድም ካላት ወንድሟን፣ ወንፈል የሚገባላት ጎረቤት ካለ ጎረቤቷን። ሁሉም ከዘመቱ ደግሞ ማሳውን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ሒሳብ ለሚወድ አንባቢ እንዲህ እናስላው፦ ከ6 ቁና ጤፍ 3ቱ ለባለመሬቱ ቢሄድ፣ የቀረው 3 ቁና ከአራሹ ጋር ሲካፈሉት ለልጆቿ የሚተርፋት 1 ቁና ተኩል ነው። ባለመሬቱ ራሱ ዘምቶ ቢሆንም ድርሻው አይቀርም፤ የሚቀበልለት አለው።

መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ተደረገ። መድፉና አውሮፕላኑ፣ የመርዙም ጋዝ ስንቱን እንደ ፈጀ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከሞት የተረፈው ጢሰኛ ጎጆው ሲደርስ የግንቦት እርሻ ደርሶ ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች መሬት ሰጠ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። መሬት ለሌለው ገበሬ የደረሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ጭነት እየነዳ ማይጨው የደረሰ ሰው ያው ጢሰኛ እንደ ሆነ ቀረ። በዚህ ነገር ዝም ብለን ለማለፍ አልቻልንም፤ ስንቅ ያዘጋጀችው ሴትማ ከነጭራሹም አልታሰበችም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጢሰኝነትን አስቀረ፤ ገበሬውንም በ20 ጋሻ መሬት በማኅበር አደራጀ። ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ በሽተኛውንና ሽማግሌውን ከክልከላው አወጣቸው። ዐዋጁን ያረቀቁት ሰዎች የእርፉን ነገር ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ጥሪ መጣ። በ1969 ዓ.ም. ከየገበሬ ማኅበሩ በኮታ የተመለመሉት ሚሊሺያዎች ከከተማው በስተ ምዕራብ በታጠቅ ጦር ሰፈር ለጥቂት ወራት ሠልጥነው ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ግንባር ዘመቱ። በዚህኛው ጊዜ የዘማቹን ማሳ የማረስ ግዴታ በገበሬ ማኅበሩ ላይ ተጣለ። በእኛ አስተያየት ይህ ከ1928 ዓ.ም. የተሻለ አሳብ ነበር። ሆኖም የራሱን ማሳ ሳይጨርስ የሌላውን የሚጀምር ገበሬ ስንት ነው?

ሠልጣኞቹ በአዲስ አበባ በሰልፍ የታዩት በሰኔ ወር ነው። ያለፉበትም አደባባይ፣ ያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል የነበረው፣ የቦሌ ጎዳና የሚጀምርበት ያው መስቀል አደባባይ ነው። ሰኔ ደግሞ መረሬው በዝናብ ከመጨቅየቱ በፊት ደጋግሞ የሚታረስበት ወር ነው። ከአደባባዩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በቡልቡላ ወይም በለሚ የምትኖር የዘማች ሚስት በዚያ ሳምንት የማኅበሩን ሊቀ መንበር፣ «ተራዬ መቼ ነው?» ብላ ሳትጠይቅ አልቀረችም። ጤፍ በሐምሌ ይዘራል።