ተጨማሪ መረጃ፦ አክታን የሚገፋው ትንፋሽ ነው

በመርካቶ በርበሬ ተራ ሲያልፉ ማሳል የተለመደ ነው፤ ጤነኛ ሳንባ የገባበትን ብናኝ በአክታ ጠቅልሎ ያስወጣል። ቲቢ የአየር ቧንቧቸውን አስፍቶ የተወባቸው፣ ወይም ከቀዶ ጥገና በኋላ ሕመሙን ፈርተው የማያስሉ ታካሚዎች ግን አክታው ውስጥ ይቀርባቸዋል። ይህን አክታ ለማስወጣት የግድ ውድ ማሽን ያስፈልጋል የሚለው ግምት አያሳምንም። አየር በጥልቅ ስቦ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ መያዝ አየር ከአክታው ጀርባ እንዲገባ ያደርጋል፤ ከዚያ አፍን ከፍቶ፣ መስታወት እንደሚያደበዝዝ ሰው፣ «ሃ» ብሎ በኃይል ማስወጣት አክታውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ካስፈለገም መርካቶ በየሱቁ የሚገኝ ንጹሕ ጠርሙስና ሰፋ ያለ ቱቦ ይበቃል፦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ ትንፋሽን ሲያስወጡ የውሃው ግፊት የአየር ቧንቧዎቹ እንዳይዘጉ ይደግፋል። የጠርሙሱ አፍ ክፍት፣ ዕቃው የአንድ ሰው ብቻ፣ ውሃውም በየቀኑ የሚቀየር መሆን አለበት።

አክታ ለማላቀቅ ጀርባ መምታት የለመደ አስታማሚ ይህን የትንፋሽ መልመጃ ሊንቀው ይችላል። ይሁን እንጂ በሳንባ ምች በተያዙ አዋቂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጀርባን መምታትና መሰል ልማዳዊ ዘዴዎች ሞትን መቀነሳቸውን አላሳዩም። ታዲያ ሁሉም ዘዴ ከንቱ ነው? አይደለም፤ በሳንባ ምች ችግሩ በአብዛኛው ያለው በጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች እንጂ በቧንቧዎቹ አይደለም። የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሳል ቲቢን ያሰራጫል። ስለዚህ ቲቢ የተጠረጠረበት ታካሚ መልመጃውን ከሌሎች ርቆ፣ ቢቻል ደጅ ላይ ይሠራል፤ ደም የሚያስለው ደግሞ ሐኪም እስኪያየው ያቆማል።