ኮምፒውተሩ ለማን ይድረስ?

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው ፍሪ ጊክ ሰው የተወውን ኮምፒውተር ይቀበላል። በጎ ፈቃደኞች ፈትተው ይፈትሹታል፤ የሚድነውን አድሰው ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ይጭኑበታል፤ የማይድነው ብረቱ ከብረት፣ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ተለይቶ ለመልሶ መጠቀም ይሄዳል። ከታደሰው ከፊሉ ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች በነፃ ይሰጣል። ጎብኚ ሁሉ የሚደነቀው በጥገናው ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ውስጥ ማመልከቻ የሚያጣራው ሰው ሥራ ነው።

ማጣራቱ ከወረቀት ይጀምራል። አመልካቹ ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥሩን ይጽፋል፤ አጣሪው አይ አር ኤስ፣ ማለትም የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው መዝገብ ውስጥ ይፈልገዋል። ድርጅቱ «ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ» የሚባለው ከግብር ነፃ የመሆን መብት አለው? መብቱስ ዛሬም ጸንቷል? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በ2006 በወጣ ሕግ መሠረት 3 ዓመት በተከታታይ ዓመታዊ ሪፖርት ያላስገባ ድርጅት መብቱን ያጣል። በ2011 የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ ወደ 275,000 ድርጅቶች ተሰርዘው ተገኙ። አብዛኞቹ ቀድሞውኑ የፈረሱ እንደሆኑ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ገምቶ ነበር።

እዚህ ላይ ለወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። በስደት ያሉ ማኅበሮቻችን ጸሐፊያቸው በተቀየረ ቁጥር ፋይላቸው ይጠፋል። ዓመታዊ ገቢው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር የሚሞላው ቅጽ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እባካችሁ ሙሉት! አብያተ ክርስቲያናት ግን ይህን ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም፤ ስማቸውም ከመዝገቡ ላይ ላይገኝ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ አጣሪ ስማቸውን ስላጣ ብቻ አይመልሳቸውም፤ ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል።

ወረቀቱ ድርጅቱ መኖሩን እንጂ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ መዋሉን አይነግርም። ትልቁ ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ማመልከቻ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው «ማኅበረሰቡን በቴክኖሎጂ ለማብቃት 20 ላፕቶፕ እንፈልጋለን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ፈላጊዎች ማመልከቻ እንዲጽፉ እናግዛለን፤ ጠረጴዛችን 4 ሰው ይይዛል፤ ኢንተርኔት አለን፤ ሲበላሽ የሚያየው የቦርድ አባላችን ነው» ይላል። እኔ አጣሪ ብሆን ለሁለተኛው ዛሬውኑ 4 ዴስክቶፕ እመድብለት ነበር። ሰዓቱን፣ ወንበሩንና ጠጋኙን አስቦ ነው የጻፈው። የመጀመሪያውን ግን ስልክ ደውዬ እጠይቀዋለሁ፦ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሶኬት አለ? ቁልፉ ማን ጋር ነው? ሊኑክስ ለሥራችሁ ይሆናል ወይስ የሒሳብ ፕሮግራማችሁ የግድ ዊንዶውስ ይፈልጋል? ምናልባት ሥራው ጥሩ ሆኖ ማመልከቻ መጻፍ የማያውቅበት ሰው ይሆናል። ቃላት የሚያሳምሩት ሁልጊዜ የሚበልጥ ሥራ ያላቸው አይደሉም፤ ስልክ መደወሉን የምወደውም ለዚህ ነው።

የሚሰጠው ዕቃ ለሽያጭም ሆነ ለግል ቤት እንዳይውል አመልካቹ ይፈርማል። ከፈረመ በኋላም አጣሪው ከወራት በኋላ ደውሎ ስለ እያንዳንዱ ማሽን ይጠይቃል፤ ጥግ ተቀምጦ አቧራ የለበሰ ካለ መልሱልን፣ ተራ የሚጠብቅ አለ ይላል።